የራስህን ፎክር

ሐርጌሳ ውስጥ የማስተርስ ትምህርት በተጀመረበት ቀን ዶክተር ናጂብ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እያስነሡ ከየት እንደመጡና ምን ማጥናት እንደሚፈልጉ ጠየቁ። አንዱ ስለ ዘመናዊ ልብ ወለድ አወራ፤ አንዷ የሠርግ ዘፈን እሰበስባለሁ አለች። የሳጋል ተራ ሲደርስ ብድግ አለችና ሻሿን አስተካክላ፣ «ሰው የሚያስገድል ግጥም ነው የማጠናው» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷ አልሳቀችም። ስቀው እስኪበቃቸው ጠበቀቻቸውና የሶማሌውን ከአማርኛው ጋር እንደምታነጻጽር ነግራ ቀጠለች። ወላጆቿ ይህችው ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ በእግራቸው ወጥተው ኋላ ድሬዳዋ የከተሙ ናቸው። እሷ ከዚራ ተወልዳ፣ አማርኛን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተሰዳደበች ለምዳ፣ «የሶማሌ ልጅ ሆነሽ አማርኛ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» እየተባለች በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪዋን ይዛ ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሐርጌሳ ተመልሳለች።

«አጎቴ በግጥም ነው የሞተው» አለች። «አንድ ሰው ውኃ ጉድጓድ ላይ ቆሞ ቤተሰባችንን በግጥም ሰደበ። ግጥሙ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ አጎቴ ጆሮ ገባ። አጎቴ ምሳውን እንኳ አልጨረሰም፤ ጠመንጃውን አንሥቶ ሄደ። ሰውየውን ገደለው፤ እሱንም ገደሉት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው የደሙን ካሳ ግመል እስኪተምኑ ድረስ ከሁለቱም ወገን ሰው ሲቀበር ከረመ። ግጥሙን ዛሬም በቃሌ እለዋለሁ። ቆንጆ ግጥም ነው።»

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ዶክተር ናጂብ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

«የሶማሌው ገባኝ። ከአማርኛውስ?»

«ፉከራ አለ። የገደለ ሰው ገድሉን እየዘረዘረ፣ የሟቹን ስም ሳይቀር እየጠራ የሚፎክረው። ከደጋ የመጡ ሠራተኞች እዚህ ከተማ ሞልተዋል።»

«እንግዲያው ከመጽሐፍ ገልብጠሽ እንዳታመጪልኝ» አሉ። «ከሰው አፍ አምጪ። ትኩሱን አምጪ።»

ይኼን ማለታቸውን በኋላ ሽምጥጥ አድርገው ክደዋል። ተዋቸው፤ የሳቸው ጉዳይ ነው። የሳጋል ጉዳይ ግን የተባለችውን ቃል በቃል መፈጸሟ ነው። ይቺ ልጅ አንድ ነገር ከያዘች እንደ መዥገር ነች፤ አትላቀቅም።

31 ሜይ በሚባለው ሰፈር አክስቷ ቤት የሺሃረግ የምትባል የጎጃም ሴት ትሠራለች። ልብስ ስታጥብ ለብቻዋ የምታንጎራጉረውን ሳጋል በመስኮት እየሰማች ነው የተወዳጁት። የሺሃረግ አፏ ስለት ነው፤ ሐዘን ቤት ተጠርታ ሙሾ ስታወርድ የማታውቀውን ሟች እናቱ ከምታውቀው አብልጣ ታስለቅስለታለች። ስለ ፉከራ ስትጠየቅ ሳቀች።

«እሱማ ወንድሜ ነው! አየነው እኮ አባትሽ ግቢ አርማታ ተሸካሚው ነው። አገር ቤት እሱ ካልፎከረ ሠርጉ ሠርግ አይባልም ነበር።»

«ይፎክርልኛል?»

«ምን ገዶት። የራሱን ግን አይልልሽም።»

«የራሱ አለው?»

የሺሃረግ እጇን ከሳሙናው አውጥታ ጠረገች። በዓይኗ ውስጥ ኩራት ብልጭ ሲል ሳጋል አይታዋለች። «አለው» አለች የሺሃረግ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልወጣትም። እዚህ ላይ ማንም አስተዋይ ሰው ነገሩን ይተው ነበር። ሳጋል ግን «የራሱ አለው» የሚለውን ይዛ እንቅልፍ አጣች።

አባቷ ዓብዲዋሀብ፣ መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እያስገነቡ ነው። ግቢው ውስጥ ከሚሠሩት ከደጋ የመጡ ሰዎች መካከል አየነው ወፍራምና ቀልደኛ ነው፤ የአርማታ ባልዲ ተሸክሞ እንኳ አፉ አያርፍም። ወንድምአገኝ የሚባለው ፌራዮ ደግሞ ቀጭንና ዝምተኛ ነው፤ የአርማታውን ብረት፣ ፌሮውን፣ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በሽቦ አስሮ፣ ሰላም ብሎ ይሄዳል። ሁለቱም ከአንድ ወረዳ መምጣታቸውን ሳጋል ጠይቃ አወቀች። ሁለቱ ከአንድ ሰሃን በልተው እንደማያውቁም አየች። አየነው ጥላ ሥር ሲቀመጥ ወንድምአገኝ ፀሐይ ላይ ይበላል። «አንዱ ጿሚ፣ አንዱ በልቶ አዳሪ ይሆናሉ» ብላ አለፈችው። አገር ቤት ያደገ ሰው ቢያይ ኖሮ ወገቡን ይዞ «ኧረ በስማም!» ይል ነበር። እሷ ከተሜ ናት፤ ፉከራውን ታውቃለች እንጂ የሚፎክርበትን ሰው ኑሮ አታውቅም።

የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ በአርማታ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። እንዲህ ባለ ቀን አሠሪ ሠራተኛውን ያበላል። ዓብዲዋሀብም ፍየል አርደው በትልቅ ትሪ ሩዝ አስቀረቡ። ደገኞቹ የእስላም ሥጋ ስለማይበሉ ሥጋውን በትሕትና ወደ ሶማሌዎቹ ገፋ አድርገው ሩዙን በሉ። ማንም ቅር አላለውም፤ ዓብዲዋሀብ ራሳቸው «ለነሱ ድንች ጨምሩላቸው!» እያሉ ይዞሩ ነበር። ሥራው አልቋል፣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሰዉ ደክሞታል፣ ደስም ብሎታል። ሳጋል ያሰበችው ለዚህ ሰዓት ነበር።

ወንድምአገኝ ግቢ ውስጥ አልነበረም። የፌሮው ሥራ ካለቀ ቆይቷልና አያሃ ሰፈር ሌላ ግንባታ ላይ ነው የሚውለው። አየነውም ይኼን ያውቃል። ያላወቀው ነገር ቢኖር፣ ሳጋል ለወንድምአገኝ ደውላ «ዛሬ ያገርህ ሰው ይፎክራል፤ ያላገር ሰው ፉከራ አይሞቅምና ና» ማለቷን ነው። ወንድምአገኝ «ማን ነው የሚፎክረው?» አላት። «አየነው ነዋ!» አለችው። ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ነው ብላ ተወችው።

አየነው ዱላ ተሰጠው። ሸሚዙን አውልቆ ወገቡ ላይ አሰረ። አሸዋው ክምር ፊት ወዲህና ወዲያ እየተንጎራደደ ጀመረ። ስለ ፈረስ ፎከረ፤ ስለ አንበሳ ፎከረ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ቀለም ቀቢው ሶሊ፣ የአዲስ አበባው አፈ ጮሌ፣ በፉጨት ግቢውን አደበላለቀው። የሶማሌው ዘበኛ እንኳ ዱላውን ይዞ ይወዛወዝ ጀመር።

ሳጋል ግን አልሞቃትም። ይኼን ከአንደኛ ዓመት ጀምራ ስትሰማው የኖረችው ነው። ማንም ያለው፣ ማንም የሚለው!

«አየነው፣ ይኼ የሰው ነው» አለችው። «የራስህን ፎክር።»

«የራሴ የለኝም፣ እህቴ።»

«እህትህ አለው ብላኛለች።»

ፊቱ ጠቆረ። ዱላውን ዝቅ አደረገ። «እሷ ደግሞ አፏን አትይዝም» አለና ወደ ትሪው ሊመለስ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ሳጋልም ማድረግ የሌለባትን አደረገች። አገር ቤት ወንድ ሲያፈገፍግ ሴት በግጥም ትነካዋለች፤ ይኼን አጥንታ ፈተና ወስዳበታለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰው ሁሉ እየሰማ፣

«የሰው ገድል ለብሶ ፎክሮ የወጣ፣
ራቁቱን ይቀራል ባለቤቱ ሲመጣ!»

ሶሊ «ወይኔ! ወይኔ አየነው፣ በላችህ!» ብሎ መሬት ላይ ተንከባለለ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አየነው ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ። የአንገቱ ሥር ሲገተር ሳጋል አየችው፤ ልቧም በደስታ ዘለለ። አዎ፣ በደስታ! ፈጣሪ ይቅር ይበላትና ያን ጊዜ የተሰማት ደስታ ነው።

ሲዞር ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ዓይኑ ማንንም አያይም። አፉ አረፋ ደፍቋል። ዱላውን እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ መሬቱን እየረገጠ፣

«ዘራፍ!
ያባቴን ድንበር ገፍቶ ያረሰ፣
በሬውን ሳይፈታ ደሙን አፈሰሰ!»

ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ማጨብጨባቸውን አቆሙ። ሶማሌዎቹ ብቻ ቀጠሉ። በዚህ መሐል የግቢው የብረት በር ተበረገደና ወንድምአገኝ ገባ። ከአያሃ ድረስ ሲሮጥ መጥቶ ልብሱ በላብ ተለጥፏል። «አየነው! በቃ! በእመቤቴ፣ በቃ ዝም በል!» እያለ እጁን እያውለበለበ ወደ መሐል ሮጠ። የመጣው ሊያስቆመው ነው፤ ይኼን እዚያ የነበረ ሁሉ መስክሯል። እዚያ ሙቀት ውስጥ የገባ ሰው ግን አይሰማም። አየነው የሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ ጩኸቱም የበለጠ አጋለው።

«አድማሱ ነው ስሙ፣ አትጠራጠሩ!
ዛሬም አልበረደ የመታሁት ግንባሩ!»

ስሙ ወጣ። ወንድምአገኝ እጁን እንዳነሣ ደርቆ ቀረ። አየነውም ያኔ ነው ያየው፤ ዱላው ከትከሻው ሸርተት አለ። ሁለቱ ሰዎች በአምስት እርምጃ ርቀት ተፋጠው ቆሙ፤ ሁለቱም የፈሩ ይመስሉ ነበር። ያገራቸው ሰዎች ሁሉ አድማሱ የወንድምአገኝ ታላቅ ወንድም እንደነበር፣ ማረሻው ላይ ሳለ ተገድሎ እንደተገኘና ገዳዩ እንዳልታወቀ ያውቃሉ። ዓይናቸው ሁሉ ወደ ወንድምአገኝ ዞረ። አሁንም ቢሆን ዝም ቢባል ኖሮ ምናልባት ይታለፍ ነበር። ሶሊ ግን የሟቹን ስም ከደገኞቹ ወሬ ሰምቶ ያውቃል፤ ዝም የሚል አፍም አልፈጠረበትም።

«ወንድምአገኝ፣ ያንተው አድማሱ ነው እንዴ?» አለ።

ወንድምአገኝ ጎንበስ ብሎ ከተቆረጡት ፌሮዎች አንዱን አነሣ። ራሱ የቆረጠው ፌሮ ነው። አልፎከረም። ሄዶ መታው። አየነው በክንዱ ቢመክት የክንዱ አጥንት ቀጭ ሲል ከግቢው ውጪ ሳይቀር ተሰማ። አየነው በደኅናው እጁ አካፋ አንሥቶ በስለቱ ፊቱን ቢለው፣ የወንድምአገኝ ጉንጭ ከጆሮ እስከ ከንፈር ተከፍቶ ጥርሱ ታየ። ደሙ እየተንዠቀዠቀ እንደገና መታ። አየነው የተረፈው አርማታ ላይ በጀርባው ወደቀ። ሊነሣ ሲፍጨረጨር ድብልቁ እስከ ክርኑ ዋጠው። ሰዎች «ያዘው! ያዘው!» ይላሉ እንጂ ፌሮ የያዘ ሰው አጠገብ የሚደርስ ወንድ ጠፋ።

የደረሰችው ሳጋል ናት። «አቁም! በአላህ ይዤሃለሁ! እኔ ነኝ ያስባልኩት!» እያለች በመሐላቸው ገባች። ፌሮው እሷን ብሎ አልመጣም፤ መጥቶ ግን ግራ ክንዷን አገኘው። ዓለም ነጭ ሆነባት። አርማታው ውስጥ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ሻሿ ከራሷ ወልቆ፣ የአየነውን ፊት ከክንድ በማይርቅ ቦታ እያየችው ሳለ ሌላው ምት በላይዋ አልፎ ግንባሩ ላይ አረፈ። ከዚያም ደገመው። ከዚያም ሰለሰው። ሙቅ ነገር ፊቷ ላይ ተረጨ። አፏ ተከፍቶ ስለነበር አፏ ውስጥም ገባ።

ዘበኛው የድንጋይ ናዳ ሲያወርድ፣ ዓብዲዋሀብ «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያሉ በባዶ እጃቸው ሲገቡ፣ ወንድምአገኝ ፌሮውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። የተከፈተ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ ሳጋልን አያት። ቃላቱ በደም እየተላቆጡ ነው የሚወጡት።

«አውቅ ነበር» አላት። «ይኸው ሁለት ዓመት አብሬው ስሠራ እሱ መሆኑን አውቅ ነበር። እሱም ማወቄን ያውቃል። ሌላ ሰው ግን አያውቅም ነበር። እንደዚያ ሆነን እንኖር ነበር። አንቺ ሰው ሰብስበሽ አስባልሽብኝ። እነሱ እየሰሙ ምን ልሁን? ምን ልሁን በይ?»

ፖሊስ መጥቶ እጁን ሲያስረው አልታገለም።

የአየነው አስከሬን እስኪሸኝ ድረስ ሆስፒታል ቆየ። ሳጋል ክንዷ በጀሶ ታሥሮ እቤት ተኝታ ሌላ ነገር ሰማች። ወንድምአገኝ አገር ቤት ሚስት አለው፤ ፊደል የሚቆጥር ልጅና አንድ ታናሽ ወንድምም አሉት። የአየነው ወንድሞች ደግሞ ሦስት ናቸው፤ ከወንድምአገኝ ቤተሰብ ወንዝ ተሻግረው ነው የሚኖሩት። ገዳዩ ሐርጌሳ እስር ቤት ነው፤ እጃቸው አይደርስበትም። እጃቸው የሚደርስበት ማን እንደሆነ ለመገመት ዲግሪ አያስፈልግም። አባቷ ሽማግሌ ላሰባስብ ብለው ላይ ታች አሉ፤ ግን የማን ሽማግሌ ከማን ጋር ይቀመጣል? የደጋው ሽማግሌ ደጋ ነው ያለው። የሺሃረግ ግን ለወንድሞቿ ገና አልደወለችም፤ ወሬውም አልደረሳቸውም። ሳጋል ይኼን ስትሰማ ተነሥታ፣ እናቷ እየጮሁባት፣ ሐዘኑ ቤት ሄደች።

ሐዘኑ ቤት የየሺሃረግ ኪራይ ክፍል ነው። ደገኞቹ ሴቶች ጎረቤት እንዳይረበሽ ድምፃቸውን ዋጥ አድርገው ያለቅሳሉ። ሳጋል ስትገባ አንዷ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላት፤ ሌላዋ ፊቷን አዞረችባት። የሺሃረግ ደረቷን እየደቃች ነበር። ሳጋል ጎኗ ተቀመጠችና ጆሮዋ ሥር፣

«ከፎቅ ወደቀ በያቸው። እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ የሺዬ። ሶሌታው ላይ አዳልጦት ወደቀ በያቸው። እዚያ ያለው ልጅ ምን አደረገ?»

የሺሃረግ በቀላ ዓይኗ አየቻት። «አጥበው ሲገንዙት ግንባሩን አያዩትም? ከፎቅ የወደቀ ሰው ግንባሩ ሦስት ቦታ ይከፈላል?»

«አባቴ መኪናውን ይዞ እስከ ድንበሩ፣ ውጫሌ ድረስ ይሸኘዋል። ሣጥኑ ይታሸጋል፣ አይከፈትም—»

«ቃሉን ስጪኝ» አለች የሺሃረግ።

«የምን ቃል?»

«መጨረሻ ላይ የፎከረውን። ሶሊን ብጠይቀው ግማሹን ቀላቅሎ ነገረኝ። አንቺ የሰማሽው አይጠፋሽም። ስጪኝና አልቅሼ ልሸኘው።»

ሳጋል እያንዳንዱን ስንኝ ታውቀዋለች፤ ትንፋሽ የሳበበትን ቦታ ሳይቀር። ተኝታ እንኳ አፏ ውስጥ ነው። ያንን ቃል ከሰጠቻት ሙሾ እንደሚሆን፣ ሙሾው ወንዝ ተሻግሮ ወንዶቹ ጆሮ እንደሚገባ ከዚህች ሴት እኩል ታውቃለች። የማስተርሱ ሥራዋ በሙሉ አራት ስንኝ ውስጥ ነበር።

«ረሳሁት» አለች።

የሺሃረግ በጥፊ አጮለቻት። በጀሶ የታሰረው ክንዷ እስኪነዝራት ድረስ አጮለቻት። «ውሸታም! በልተሽው ነው! ከወንድሜ አፍ አውጥተሽ በልተሽው ነው!»

«ረሳሁት፣ የሺዬ። ወላሂ ረሳሁት» አለች ሳጋል፤ በውሸት መማሏን እያወቀች ማለች።

የሺሃረግ ለጥቂት ጊዜ ጉልበቷን አቅፋ ተወዛወዘች። ሳጋል በልቧ «አልሐምዱሊላህ፣ ተወችው» አለች። ያን ጊዜ የሺሃረግ ከነጠላዋ ሥር ስልኳን አወጣች፤ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አደረገችና ምንጣፉ መሐል አስቀመጠችው። «ሃሎ? የሺ? ምነው በደኅናሽ ነው?» አለ የወንድ ድምፅ። እሷ ሰላምታ አልመለሰችለትም። የጎረቤቱ ነገር ቀረ፤ ድምፅዋን ለቀቀችው።

«በብረት ቀጥቅጦ አየነውን የጣለው፣
ወንድምአገኝ ቢታሰር ደጁ ክፍት ነው!
እናንተ ወንድሞቼ በርግጥ ካላችሁ፣
ቀሚሴን ልበሱ ሱሪውን ጥላችሁ!»

ሳጋል በደኅናው እጇ ስልኩ ላይ ተወረወረች። ሁለት ሴቶች ከኋላ ያዟት፤ «ኧረ ነውር ነው! አልቃሽ አይነካም!» እያሉ ጎተቷት። ጣቷ ስልኩን ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር። «ዝጉት! ስለ እግዜር ዝጉት!» ብላ በእነሱው ቋንቋ፣ በእነሱው አምላክ ለመነቻቸው። ማንም አልዘጋውም።

ስልኩ ውስጥ ውሻ ጮኸ፤ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ፤ ሰዎች ሲሯሯጡ ተሰማ። ከዚያ ያው ቅድም «በደኅናሽ ነው?» ያለው ድምፅ «ዘራፍ!» አለ። ከበስተኋላው ሴቶች እልልታውን አቀለጡት።